«ሲስተም የለም» ከማለት በፊት፦ የኔትወርክ ሶፍትዌር ስንመርጥ የማንጠይቀው ጥያቄ

ባለፈው ግንቦት ሸዋ ሮቢት ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት ባለሙያ ደወለልኝ። በየወሩ መጨረሻ የሪፖርት ፋይሎችን ደብረ ብርሃን ወዳለው ሰርቨር የሚልከው እሱ ነው። «ጋሼ፣ ሲስተም የለም» አለኝ። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ደብረ ብርሃን፣ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጬ ነበር፤ ሰርቨሩ ይሠራል። ኢንተርኔትም አለ፤ የምናወራው ራሱ በቴሌግራም ጥሪ ነበር።

«ሲስተም የለም» የምትለዋን ቃል ባንክ ስንሄድም፣ ቀበሌ ስንሄድም፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስንጠብቅም ሰምተናታል። አምስት ስድስት የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድ ነጠላ ሸፍና ታስቀምጣቸዋለች። ገመድ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ከአቅሙ በላይ ተጨናንቆም ሊሆን ይችላል። እናም ልጁን «ስክሪኑ ላይ ያለውን አንብብልኝ» አልኩት።

ያነበበልኝ እንዲህ የሚል ነው። ፕሮግራሙ ስምና ፓስወርድ ይቀበላል፣ መግባቱን ያረጋግጥለታል፣ የፋይሎቹን ዝርዝር ላምጣ ሲል ግን ቀጥ ይላል። ትንሽ ጠብቆ ይዘጋል። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ፕሮግራም ቀያይሯል። አንዱ ነፃ ነው። ሁለተኛው በጓደኛ ፍላሽ የመጣ ክራክ፣ ማለትም የክፍያ ቁልፉ የተሰበረ ኮፒ ነው፤ አንቲቫይረሱ ስለጮኸበት ልጁ አንቲቫይረሱን አጥፍቶ ጫነው። ሦስተኛው ለ30 ቀን ሙከራ የሚሰጥ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ሦስቱም እዚያው ቦታ ላይ ይቆማሉ።

ሦስት የተለያዩ ፕሮግራሞች አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ችግሩ ከፕሮግራሞቹ ሊሆን አይችልም። ሦስቱ የሚጋሩት ነገር አለ፤ እሱም ፋይል የሚላክበት ኤፍ ቲ ፒ የሚባለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ሥርዓት ነው። ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ይባል የለ? ሥሩ ያለው 50 ዓመት ያለፈው ሰነድ ውስጥ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ቀኖች፣ ወራትና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኤፍ ቲ ፒን የመጀመሪያ ረቂቅ በ1971 የጻፈው አብሃይ ቡሻን ነው። ዛሬም የሚሠራበት መልኩ የወጣው በ1985 ነው። ይህ ፕሮቶኮል ከሌሎቹ የሚለይበት ጠባይ አለው፤ በሁለት መስመር ይሠራል። በአንደኛው፣ በፖርት 21፣ ትእዛዝ ብቻ ይተላለፋል (ፖርት ማለት ቁጥር የተሰጠው የኮምፒውተር በር ነው)፤ ስም፣ ፓስወርድ፣ «ዝርዝሩን አሳየኝ» የሚሉት ሁሉ በዚያ ያልፋሉ። ዝርዝሩና ፋይሉ የሚያልፉት ግን ለየብቻ በሚከፈት ሁለተኛ መስመር ነው። በጥንቱ ስልት ላኪው «በዚህ አድራሻና በዚህ ፖርት እጠብቅሃለሁ» ይልና ሰርቨሩ መልሶ ይደውልለታል። በሌላኛው ስልት ደግሞ ሰርቨሩ አድራሻና ፖርት ይሰጣል፣ ላኪው ይደውላል።

ይህ ሲታሰብ በመረቡ ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ የራሱ የታወቀ አድራሻ ነበረው። አሁን ሸዋ ሮቢት ያለው ቢሮ 12 ኮምፒውተሮቹን በአንድ ራውተር ጀርባ አሰልፏል። ውስጥ ያለ አንድ ኮምፒውተር አድራሻውን ሲጠየቅ 192.168.1.14 ይላል፤ ይህ ቁጥር የሚታወቀው እዚያው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። «ከጓዳው ቀጥሎ ያለችው ክፍል» የሚል አድራሻ ሰጥቶ ከሌላ ከተማ ዕቃ እንደመጠበቅ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ሰርቨርም እንደዚሁ ከራውተር ጀርባ ነው። ራውተሩ በዚያው ሳምንት ተቀይሮ ነበር፤ አዲሱ ላይ የተከፈተው ፖርት 21 ብቻ ነው። የትእዛዙ መስመር ያልፋል፣ የዕቃው መስመር በሁለቱም ስልት መድረሻ ያጣል። ልጁ ያየው ይህንን ነው። ይህን ነገር የሚፈታ ክራክ የለም።

ብዙ ሰው «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። የኢንተርኔት ቤት ባለቤቶች፣ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ሁሉ ይጠይቁኛል። እኔ አስቀድሜ የምጠይቃቸው «ሶፍትዌሩ የሚናገረው ምንድን ነው?» የሚለውን ነው። ፕሮቶኮል የንግግር ሥርዓት ነው። መንዝ ውስጥ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ማነው? ይግቡ» ይባላል፤ እንግዳው «እኔ ነኝ» ብሎ ይዘልቃል። ቲ ሲ ፒ የሚባለው የኢንተርኔት ምሰሶም ግንኙነት የሚከፍተው በዚህ ዓይነት በሦስት ቃል ነው፤ ጥሪ፣ መልስ፣ ማረጋገጫ። ሦስቱ ሳይሟሉ አንዲት ፊደል አታልፍም። ሶፍትዌሩ የእንግዳው ልብስ ነው። ልብሱ ቢቀያየር ሥርዓቱን የማያውቅ እንግዳ ደጅ ላይ ይቀራል።

ሥርዓቱ የት ተጽፎ ይገኛል ለሚል፣ መልሱ ያስደስታል። በሚያዝያ 1969 ስቲቭ ክሮከር የሚባል የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አርፓኔት የሚባለው የኢንተርኔት ቀዳሚ መረብ ኮምፒውተሮች እንዴት እንደሚነጋገሩ ሐሳቡን ጽፎ ለባልደረቦቹ በተነ። ወጣት ስለነበረ አዛዥ መምሰል አልፈለገም፤ ሰነዱን «የአስተያየት ጥያቄ» አለው። ዛሬ አር ኤፍ ሲ የምንላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰነዶች የጀመሩት ከዚያ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ የመጀመሪያው መልእክት ተላከ፤ «ሎግኢን» ተብሎ ሊጻፍ ሲል ሁለት ፊደል እንዳለፈ የተቀባዩ ኮምፒውተር ወደቀ።

እነዚህ ሰነዶች ክፍያ የላቸውም፤ ተራ ጽሑፍ ስለሆኑም በደካማ መስመር ቶሎ ይወርዳሉ። የቲ ሲ ፒን የ1981 ሰነድ ካሊፎርኒያ ያለ ተማሪ የሚያነብበውን ያህል ሞላሌ ያለ ተማሪም ሊያነብበው ይችላል። መጻሕፍት ቤታችን ውስጥ አዲስ የኔትወርክ መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ስንቱ አሠልጣኝ ለተማሪዎቹ እንደሚያሳየው ግን እጠራጠራለሁ። እንግሊዝኛው ይከብዳል የሚል አለ። ይከብዳል፤ ነገር ግን ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ቀጥተኛ ናቸው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መዝገበ ቃላት ይዞ ይወጣዋል።

ሰነዱ ክፍት መሆኑ ምን ያህል እንደሚያዋጣ የጎፈር ታሪክ ይመሰክራል። ጎፈር በ1991 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ መረጃን በዝርዝር በዝርዝር እየከፈቱ የሚያነቡበት ፕሮቶኮል ነበር። ለደካማ መስመር የተመቸ፣ ቀላል፣ በጊዜው ከድረ ገጽ ይበልጥ የተስፋፋ። በ1993 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ለሰርቨር ሶፍትዌሩ ከአንዳንድ ተጠቃሚዎች ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 30 ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል የድርን ቴክኖሎጂ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፣ ግን ብዙ ሠሪዎች ፊታቸውን ወደ ድሩ ያዞሩት ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ምሥጢራዊ ቋንቋ ብቻ የሚናገር ሶፍትዌር ሲገዛ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ እወዳለሁ። ሻጩ ቢዘጋ ወይም ዋጋ ቢጨምር ፋይሎቹ ከዚያ ሶፍትዌር ሌላ የሚያናግራቸው ያጣሉ።

ስለ መማሩ ነገር ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የጥንቶቹ ፕሮቶኮሎች ትልቁ ጸጋ ሰው በእጁ ሊናገራቸው መቻሉ ነው። ኢሜይል የሚልከው የ1982 ሥርዓትም፣ የመጀመሪያው የድር ሥርዓትም ቃል በቃል የሚጻፉ ትእዛዞች ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ለተማሪዎች ልምምድ ሳሠራ ኢንተርኔት አያስፈልገኝም። ሁለት አሮጌ ላፕቶፕና እነሱን በገመድ የሚያገናኝ አንድ ርካሽ ስዊች ይበቃሉ። በአንደኛው ትንሽ የድር ሰርቨር ይነሳል። በሌላኛው ፑቲ ይከፈታል፤ ይህ ሳይመን ታተም የሠራው፣ በፍላሽ ተይዞ የሚዞር ነፃ ፕሮግራም ነው። ተማሪው ከሰርቨሩ ፖርት 80 ጋር ጥሬ ግንኙነት ይከፍትና «ጌት» ብሎ፣ ያዘነበለች ሰረዝ አድርጎ፣ «ኤች ቲ ቲ ፒ 1.0» ጽፎ ኢንተር ይጫናል።

ምንም አይመጣም። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሁልጊዜ አንድ ሰው «ሰርቨሩ ሞቷል» ይላል። ሰርቨሩ አልሞተም፤ እየጠበቀ ነው። ሥርዓቱ «ጥያቄዬን ጨርሻለሁ» የሚባለው በባዶ መስመር ነው ስለሚል ኢንተር ሁለተኛ ጊዜ መጫን አለበት። ተማሪው ደግሞ ሲጫን «200 ኦኬ» የሚለው መልስና ገጹ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ይፈስሳል። በየቀኑ ስልካቸው በጓዳ የሚያደርገውን ነገር በጣታቸው ሲያደርጉት ፊታቸው ላይ የሚታየውን ብርሃን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ «ዝም አለ» እና «ጠፋ» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንም ሊያስረሳቸው አይችልም።

ሁለተኛው ልምምድ የደኅንነት ነው። በሰርቨሩ ላፕቶፕ ላይ ዋየርሻርክ እከፍታለሁ፤ ጄራልድ ኮምብስ በ1998 ኢተሪያል ብሎ ያወጣው፣ በመስመር የሚያልፈውን ሁሉ የሚያሳይ ነፃ መሣሪያ ነው። አንዲት ተማሪ በቴልኔት ትገባለች። ቴልኔት ከአርፓኔት የልጅነት ዘመን የመጣ፣ ሩቅ ያለን ኮምፒውተር በጽሑፍ የማዘዣ ፕሮቶኮል ነው። ከዚያ የተያዘውን እንዘረጋለን። የተጠቃሚ ስሟ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይታያል፤ ፓስወርዷ ግን አንድ አንድ ጊዜ። ለምን? ሰርቨሩ የስሙን ፊደል እየመለሰ ለስክሪኗ ስለሚልክላት ነው፤ ፓስወርዱን አይመልስም፣ ለዚህም ነው ስትጽፈው ለራሷ የማይታያት። ለእሷ የተደበቀው ፓስወርድ መስመሩ ላይ ግን ራቁቱን ሄዷል። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። «ኤፍ ቲ ፒም እንዲህ ነው?» አለች። አዎ፣ እንዲህ ነው።

በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ አንድ ሰው ይህንኑ አድርጎ ብዙ ፓስወርድ ለቅሞ ነበር። እዚያው ተመራማሪ የነበረው ታቱ ኢሎነን በዚያ ተቆጥቶ ኤስ ኤስ ኤችን ሠራ፤ ንግግሩን ሁሉ የሚያመሰጥር፣ በፖርት 22 የሚገባ ፕሮቶኮል ነው። ስለዚህ የድሮዎቹን ለመማሪያ እንጂ ለሥራ አላቀርባቸውም። ዛሬም ስዊቻቸውንና ራውተራቸውን በቴልኔት የሚያስተዳድሩ ቢሮዎች አሉ፤ ቅንብሩን ወደ ኤስ ኤስ ኤች መቀየር ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

የመንደር ማሠልጠኛዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የኔትወርክ ዕቃዎችን በስክሪን አስመስሎ በሚያሳየው ፓኬት ትሬሰር ላይ ያሳልፋሉ። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ራውተር መግዛት ለማይችል ተቋም ጥሩ መለማመጃ ነው። ግን ሥዕሉን አይቶ ዕቃውን ያላየ ባለሙያ ይወጣበታል።

የእኛን ፊደል የሚመለከተው ጉዳይ ደግሞ በየዕለቱ ይነካናል። በአማርኛ ኤስ ኤም ኤስ ስትጽፉ መልእክቱ በ70 ፊደል የሚቆረጠው፣ በእንግሊዝኛ ግን እስከ 160 የሚሄደው ለምንድን ነው? የአንድ ኤስ ኤም ኤስ ማጠራቀሚያ 140 ባይት ብቻ ነው (አንድ ባይት 8 ቢት ነው)። የላቲኑ ፊደል በ7 ቢት ይታሸጋል፤ የኛው ፊደል 16 ቢት ይወስዳል። ሒሳቡን አስሉት፣ ይገጥማል። የኢንተርኔቱም ታሪክ እንዲሁ ነው። በጥቅምት 1969 ቪንት ሰርፍ መረቡ የሚገለገልበት የፊደል ሠንጠረዥ አስኪ እንዲሆን ሰነድ ጻፈ፤ 128 ምልክት ብቻ የሚይዝ። የ1982ቱ የኢሜይል ፕሮቶኮልም በዚያው በ7 ቢት ታሰበ። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ ሠንጠረዥ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት የእኛ ሰዎች የላቲኑን ቦታ በፎንት እየሸፈኑ ጻፉ፤ በየቢሮው ያሉት የድሮ የቪዥዋል ግዕዝ ፋይሎች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ዛሬ «ሰላም» ብለን ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ስንልክ ሦስቱ ፊደላት 9 ባይት ይሆናሉ። ይህን የማይረዳ አሮጌ ኤፍ ቲ ፒ ሰርቨር የአማርኛ የፋይል ስም ሲደርሰው በጥያቄ ምልክት ይሞላዋል። ስለዚህ ሶፍትዌር ስትመርጡ የምትሞክሩበት ፋይል ስሙ በእንግሊዝኛ አይሁን። «የሐምሌ ሪፖርት» ብላችሁ ሰይሙትና ላኩት፤ ሲመለስ ስሙ እንዳለ ካልተነበበ ያ ሶፍትዌር ለእኛ አልተሠራም።

የመስመር ድክመትም የምርጫው አካል ነው። በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ 400 ያርድ ብቻ በሚራራቁ ሁለት ተቋማት መካከል የነበረው ፍጥነት ከ32 ሺህ ቢት በሰከንድ ወደ 40 ቢት ወረደ። ገመዱ ደህና ነበር። ኮምፒውተሮቹ መልስ ሲዘገይባቸው ያንኑ ደጋግመው እየላኩ መስመሩን ራሳቸው አነቁት። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያሳተመው መፍትሔ ላኪው መጨናነቅ ሲሰማው ራሱን እንዲያቀዝቅዝ የሚያደርግ ነው፤ ዛሬም ቲ ሲ ፒ ውስጥ አለ። ቢሮአችን ውስጥ 12 ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ዊንዶውስ ሲያድስ ሪፖርቱ የሚጎተተው ያ ሕግ እየሠራ ስለሆነ ነው። ፍጥነት ጨማሪ የሚባል ሶፍትዌር መጫን አያድንም፤ ማደሻውን ወደ ማታ ማዞር ያድናል።

በአማራ ክልል በ2015 (በእኛ አቆጣጠር) ክረምት የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ የገባኝ ሌላም ነገር አለ። ሥራቸውን ሁሉ ውጭ ባለ አገልግሎት ላይ የጣሉ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ግቢያቸው ውስጥ የራሳቸው ሰርቨር የነበራቸው ግን ቢያንስ እርስ በርስ ፋይል ይለዋወጡ ነበር። ለዚህ አሠራር በአገራችንም ቀደምት ምስክር አለ። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ከመጀመሩ በፊት አዲስ አበባ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል በፊዶኔት ኢሜይል ይላክ ነበር። መልእክቱ ይጠራቀማል፣ ሞደሙ በስልክ መስመር ይደውላል፣ ያለውን አራግፎ የመጣለትን ተቀብሎ ይዘጋል። መስመር ሁልጊዜ አለ ብሎ የማይተማመን አሠራር ነው፤ ለእኛ ሁኔታ ዛሬም የሚስማማ።

እንግዲህ ምን ልምረጥ ለሚለኝ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ፋይል ከከተማ ከተማ ለመላክ በኤስ ኤስ ኤች ውስጥ የሚሄደው ኤስ ኤፍ ቲ ፒ። በአንድ ፖርት ብቻ ያልፋል፣ ፓስወርዱን ይሸፍናል፤ ዊን ኤስ ሲ ፒ (WinSCP) የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በመስኮት ይሠራዋል፣ ዊንዶውስ 10ም ከ2018 ጀምሮ የኦፕን ኤስ ኤስ ኤች መሣሪያዎችን ይዟል። መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነና ፋይሉ ትልቅ ከሆነ አርሲንክ፤ የተቀየረውን ክፍል ብቻ ስለሚልክ ትናንት የደረሰውን ዛሬ አይደግመውም። በግቢ ውስጥ ፋይል ለመጋራት ሳምባ (Samba) የሚባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ፕሮቶኮል፣ የኤስ ኤም ቢ፣ የመጀመሪያው ስሪት መዘጋት አለበት። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ሆስፒታሎችን ሳይቀር የቆለፈው በዚያ በር ገብቶ ነው፤ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ያወጣው ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ነበር። ለትምህርት ቤቶች ኪዊክስን እመክራለሁ፤ ዊኪፔዲያን በሃርድ ዲስክ ይዞ ያለ ኢንተርኔት በግቢው ኔትወርክ ያድላል። ክራክ የተባለ ነገር ግን ለኔትወርክ ሥራ በጭራሽ። ፓስወርድ የሚያልፍበትን በር ለማያውቁት ሰው ዕቃ አሳልፎ መስጠት ነው።

የሸዋ ሮቢቱን ነገር እኔም ሰርቨሩ ጋ ስለነበርኩ በዚያው ቀን ጨረስነው። ፖርት 21ን ዘጋን፣ 22ን ከፈትን፣ ለልጁ በፓስወርድ ፈንታ ቁልፍ የሚባል የምሥጢር ፋይል ሠራንለት። ክራኩ የነበረበትን ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ አጽድቶ ዊንዶውሱን ከአዲስ ጫነ፤ ሪፖርቱ ማምሻውን ደረሰ። ያኔ በስልክ ሳስረዳው አንድ ደብተር ከፍቶ ቁጥሮቹን ይጽፍ ነበር፤ 22፣ 25፣ 53፣ 80፣ 443፣ ከእያንዳንዱ ጎን ሥራውን፤ ከ53 ጎን «ስምን ወደ አድራሻ መተርጎሚያ» ብሎ።

ሐምሌ ላይ እንደገና ደወለ። ድረ ገጽ አልከፍት ብሏቸዋል። «ጋሼ፣ በቁጥር አድራሻ ስጠራው ይመልሳል፣ በስም ስጠራው አይመልስም» አለኝ፤ «53 ነው ዝም ያለው።»